ሞንጎሎችን አስወጥቶ በገዛ እልፍኙ የተገደለው ንጉሥ

የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ የሚያይ ሰው ንጉሥ ጎንግሚንን የሆነ ቦታ ሳያገኘው አይቀርም። ሚስቱ ሞታበት ሥዕሏ ፊት ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው ንጉሥ እሱ ነው። ድራማ ሠሪዎች ፍቅሩን ስለሚወዱለት ፖለቲካውን ቶሎ ቶሎ ያልፉታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፖለቲካው ነው። ሰውየው አገሩን ከሞንጎሎች እጅ አውጥቷል። ከተማውን አስጥሎ ያሰደደውን ወራሪ መልሷል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የገደሉት ራሱ መርጦ አጠገቡ ያስቀመጣቸው ጎረምሶች ናቸው። እንዴት እንዲህ ሆነ? ነገሩ የሚገባን እሱ ከመወለዱ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ስንሄድ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

የሞንጎል አማቾች

የዚያ ዘመን የኮሪያ መንግሥት ጎርዮ ይባላል። በ918 የተመሠረተ ነው። ዋና ከተማው ጌግዮንግ፣ ዛሬ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ያለችው ኬሶንግ ነበረች። ሞንጎሎች በ1231 ወረሩት። በማግሥቱ ዓመት ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጋንግህዋ ደሴት ሸሸ። ጦርነቱ በረድ እያለ፣ እንደገና እየተነሣ እስከ 1259 ቀጠለ። ነገሥታቱ ደሴቱ ላይ ሆነው ነፍሳቸውን አተረፉ። መከራውን የቀመሰው የብሱ ላይ የቀረው ገበሬ ነው። በመጨረሻ ጎርዮ እጁን ሰጠ።

ሞንጎሎች ጎርዮን እንዳለ አልዋጡትም። ንጉሡ በዙፋኑ ይቆይ ተባለ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። አልጋ ወራሹ በልጅነቱ ወደ ዳይዱ፣ ወደ ዛሬዋ ቤጂንግ ይላካል። ሞንጎሎች ቻይናን ይዘው ያቋቋሙት የዩዋን መንግሥት መቀመጫ ያ ነው። ልጁ እዚያ በመያዣነት ያድጋል፣ የሞንጎል ልዕልት ያገባል፣ ሲፈለግ ነግሦ ይመለሳል። ካስቀየመ ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ይሻራል። የኩብላይ ካንን ልጅ በ1274 ካገባው ከቹንግንዮል ጀምሮ የጎርዮ ነገሥታት የሞንጎል አማቾች ሆኑ። የማዕረግ ስማቸው እንኳ ዝቅ ተደረገ። በዚያ ዘመን የነገሡት ስድስት ነገሥታት ስማቸው «ቹንግ» ብሎ ይጀምራል፤ ታማኝ ማለት ነው። ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከወርቅና ጂንሰንግ ከሚባለው የመድኃኒት ሥር ሌላ ልጃገረዶችም በግብር መልክ ይሄዱ ነበር። ጃንደረቦችም እንዲሁ። ልጄን ይወስዱብኛል ብሎ የሚፈራ ወላጅ ገና በጨቅላነቷ ይድራት ጀመር። ከተወሰዱት አንዷ ከጊ ቤተሰብ ነበረች። በዩዋን ቤተ መንግሥት ሻይ እንድታቀርብ ተመደበች። የንጉሠ ነገሥቱ የቶጎን ቴሙር ዐይን አረፈባት። በ1340 ሁለተኛ እቴጌ ሆነች፣ ልጇም በኋላ አልጋ ወራሽ ተባለ። እንግዲህ ጎርዮ የቀሩትን ወንድሞቿን ማን ይቻላቸው? ታላቁ ጊ ቾል አገር ምድሩን እንደ ጓሮው ያየው ጀመር። አንዱ ወንድሟማ ከንጉሡ ጎን ፈረሱን አስተካክሎ እየጋለበ ሊያወራው ይቃጣው ነበር። ንጉሡ ጠባቂዎቹን ከፊትና ከኋላ አድርጎ ነው እንዳይጠጋው የከለከለው።

ያ ንጉሥ ጎንግሚን ነው።

አሥር ዓመት በሰው አገር

በ1330 ተወለደ። በ1341፣ ገና በ11 ዓመቱ፣ ወደ ዳይዱ ተላከ። ባያን ቴሙር የሚል የሞንጎል ስምም ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ቹንግሄ ባለጌ ንጉሥ ወጣው። ዩዋኖች አስረው ወደ ግዞት ሲወስዱት በ1344 መንገድ ላይ ሞተ። ቀጥሎ ተራው የጎንግሚን ሊሆን ይችል ነበር። ዩዋኖች ግን የወንድሙን ልጆች፣ አንዱን ከአንዱ አስከትለው አነገሡ። ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። ጎንግሚን ሁለት ጊዜ ታለፈ።

በ1349 የሞንጎል ልዕልት አገባ። በኮሪያ ታሪክ ልዕልት ኖጉክ ተብላ ነው የምትታወቀው። በ1351 ዩዋን ትንሹን ንጉሥ አንሥቶ እሱን ሾመ። ያኔ 21 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ የቢጫ ወንዝን ግድብ እንዲሠሩ በግዳጅ በተሰበሰቡ ገበሬዎች መካከል ትልቅ አመፅ ፈነዳ። ጎንግሚን አገሩ የገባው ዩዋን እንዴት እንደሚሠራ፣ የት የት ላይ እንደተሰነጠቀ በቅርብ አይቶ ነው። ጌግዮንግ ውስጥ ይህን የሚያህል መረጃ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

የሌለው አንድ ነገር ነው። ሰው።

ይህን ያዙልኝ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ውጭ ነው ያደገው። አገር ቤት ያሉት ትልልቅ ቤተሰቦች እርስ በርስ በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፣ እሱን አያውቁትም። የእኔ ሊላቸው የሚችለው ዳይዱ አብረውት የነበሩ አጃቢዎቹን ነው። እነሱም ውለታቸውን ሊያስከፍሉት ነው የመጡት። ጆ ኢልሺን የሚባለው በነገሠ በዓመቱ፣ በ1352 አመፀበትና ተገደለ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሹም ሊገሥጸው ገባ። ንጉሡ በሞንጎል ልማድ ፀጉሩን ጎንጉኖ፣ የሞንጎል ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሹሙ ይህ የአባቶች ሥርዓት አይደለም፣ ይተዉት አለው። ጎንግሚን ደስ አለው። እዚያው ጉንጉኑን ፈታ፣ ሹሙንም ልብስና የመኝታ ምንጣፍ ሸለመው። ሰውየው ይህን የሚለው እስኪያገኝ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል።

የ1356 ግብር

በ1354 ዩዋን አማፂዎቹን ለመውጋት ከጎርዮ ጦር ጠየቀ። 2,000 ያህል ሰው ተላከ። ከዘማቾቹ መካከል በኋላ ስሙ የሚገነው የጦር አለቃ ቼ ዮንግ ነበረበት። ሄደው ያዩትን ተመልሰው ተናገሩ፤ ያ የሚፈራው ኃያል መንግሥት የገዛ አማፂዎቹን መደምሰስ አቅቶታል።

ጎንግሚን ሁለት ዓመት ጠበቀ። በ1356 ቤተ መንግሥት ግብር አለ ብሎ ትልልቆቹን ጠራ። ጊ ቾልና ግዎን ግዮም መጡ። ለግብር የመጣው ጊ ቾል በተደበቁ ጉልበተኞች የብረት መዶሻ ተመታ። ግዎን ግዮም ሊያመልጥ ሮጦ ተይዞ ተገደለ። ሦስተኛው፣ ኖ ቼክ፣ ቤቱ ተሄዶ ተገደለ። ሦስቱም በልጅ ወይም በእህት ከዩዋን ቤተ መንግሥት ጋር የተዛመዱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ዩዋን ጎርዮ ውስጥ እየገባ የሚፈርድበት መሥሪያ ቤት ተዘጋ። የዩዋን የዘመን አቆጣጠር ቀረ። የሹማምንቱ ማዕረግ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። ጦር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘመተና ሞንጎሎች ከ1258 ጀምሮ የያዙትን የሳንግሶንግን ግዛት አስመለሰ። በሩን ከውስጥ የከፈተላቸው ለሞንጎሎች ያገለግል የነበረ የአካባቢው ሹም፣ ዪ ጃቹን ነው። ዪ ሶንግጌ የሚባል ወጣት ልጅ ነበረው። ይህን ስም አትርሱት።

ዩዋን ሲያስፈራራ ጎንግሚን ያደረገውን ደግሞ እዩ። በሰሜን ድንበር ያለውን የያሉን ወንዝ ተሻግሮ የዩዋንን ጣቢያዎች የመታው የራሱ ጦር አዛዥ ኢን ዳንግ ነበር። ንጉሡ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከከና አንገቱን አስቆረጠው። ለዩዋንም ይቅርታ ጻፈ። ብልጠት ነው፣ ጦርነቱ ቀረ። የተረፉት የጦር አለቆች ግን ምን ብለው እንዳሰቡ መገመት ከባድ አይደለም።

ስደት፣ ሴራ፣ በር ላይ የተቀመጠችው ንግሥት

ከቻይና አማፂዎች አንዱ ክፍል ቀይ ጥምጥም ያስር ነበር። በ1359 ወንዙን ተሻግረው ፒዮንግያንግን ያዙ፣ ተባረሩ። በ1361 እንደገና መጡ። በዚህኛው 100,000 ነን ይሉ ነበር። ጌግዮንግ ተያዘች። ንጉሡና ንግሥቲቱ በክረምት ብርድ ወደ ደቡብ፣ እስከ አንዶንግ ድረስ ተሰደዱ። የአንዶንግ ሰዎች እስካሁን የሚተርኩት አለ። ኖጉክ ወንዝ መሻገር ሲያቅታት የአካባቢው ሴቶች ጎንበስ ብለው ተሰለፉና በጀርባቸው ላይ ተራምዳ አለፈች ይባላል። ይህ ዛሬም በአንዶንግ በሴቶች ጨዋታ መልክ ይታያል።

ከተማዋ በ1362 መጀመሪያ ተመለሰች። ደስታው ሳይጠገብ ኪም ዮንግ የሚባል የንጉሡ የዳይዱ ባልደረባ በጦር አለቆቹ ቀና። በሐሰት የንጉሥ ትእዛዝ ዋናውን አዛዥ ጆንግ ሴውንን በሌሎቹ ጄነራሎች አስገደለ። ቀጥሎ ደግሞ ገዳዮቹን አዛዥ ገደላችሁ አስብሎ አስጨረሳቸው። አገሪቱን ያዳኑ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት አለቁ።

በ1363 ኪም ዮንግ ወደ ንጉሡ ዞረ። ቤተ መንግሥቱ ስለተቃጠለ ጎንግሚን በሁንግዋንግ ገዳም ነበር የሰነበተው። ገዳዮች በሌሊት ገቡ። መልኩ ንጉሡን የሚመስል አን ዶቺ የሚባል ጃንደረባ በንጉሡ አልጋ ላይ ተኛና በእሱ ፋንታ ተገደለ። ጎንግሚን በእናቱ ክፍል ተሸሽጓል። ኖጉክ መጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የሞንጎል ልዕልትን ረግጦ የሚገባ አልተገኘም። ቼ ዮንግ ጦር ይዞ ደረሰና ሁሉም ተለቃቀሙ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1364፣ እቴጌ ጊ የወንድሞቿን ደም ልትመልስ 10,000 ጦር አስከትላ ሌላ የጎርዮ መስፍን ልታነግሥ ላከች። ቼ ዮንግና ዪ ሶንግጌ መልሰው ሰደዱት።

ኖጉክ ከሞተች በኋላ

በትዳር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በመጨረሻ ኖጉክ አረገዘች። በ1365 በምጥ ሞተች፣ ልጁም አልተረፈም። ጎንግሚን ጎበዝ ሠዓሊ ነበር። ምስሏን በእጁ ሣለ። ማዕድ ሲቀርብ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላ ነበር፣ እሷ ያለች ያህል። ለሦስት ዓመት ሥጋ አልቀመሰም። ለምስሏ ማኖሪያ የሚሆን አዳራሽ አሠርቶ፣ አልወደድኩትም ብሎ እንደገና አሠራ። ሕዝቡ በጉልበት ሥራው ተማረረ። መቃብሯንም ራሱ አሠራ፣ የራሱን ከጎኗ አድርጎ። ሁለቱ ጉብታዎች ኬሶንግ አጠገብ ዛሬም አሉ፣ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የኬሶንግ ቅርሶች ውስጥ ናቸው።

ድራማው እዚህ ላይ ንጉሡ አበደ፣ መንግሥቱን ለአንድ መነኩሴ ጣለለት ብሎ ይጨርሳል። እኔ በዚህ አልስማማም። የንግሥናው ደፋር ሥራ የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። በጎርዮ ሹም የሚኖረው መንግሥት ከተወሰነ መሬት ላይ ግብር እንዲሰበስብ ስለሚፈቅድለት ነው። ሹመቱ ሲያበቃ መብቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ትልልቆቹ ቤተሰቦች አንመልስም አሉ። የሌላውንም ጨመሩ። በአንድ እርሻ ላይ ብዙ ባለመብት እየመጣ ገበሬውን ደጋግሞ የሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። ያልቻለ ገበሬ ዕዳ ይገባል፣ ከዚያ ከነልጆቹ ባሪያ ይባላል። ባሪያ ደግሞ ለመንግሥት ግብር አይከፍልም፣ አይዘምትም። ስለዚህ ቤተሰቦቹ በወፈሩ ቁጥር ግምጃ ቤቱም ሠራዊቱም ይከሳል። ያን ሁሉ ወራሪ በቀጭን ጦር የተቀበሉት ለዚህ ነው።

ይህን ማን ያስተካክል? የጎንግሚን ሐሳብ በታሪክ መዝገቡ ሰፍሮ ይገኛል፣ ትንታኔው ቀዝቃዛ ነው። ነባሮቹ ቤተሰቦች አንዱ ካንዱ ሥር ለሥር ስለተያያዙ ይሸፋፈናሉ። ከታች የሚመጡት አዳዲሶች መጀመሪያ ጨዋ ይመስላሉ፣ ከተሾሙ በኋላ በድህነታቸው እያፈሩ ከትልቅ ቤት ያገባሉ፣ የመጡበትን ይረሳሉ። ምሁራኑ ደግሞ ወኔ የላቸውም፣ በመምህርና በተማሪ ተቧድነው ይተዛዘላሉ። ከሦስቱም አንዱ አይሆንም። የሚያስፈልገው ከዓለም የተለየ፣ ማንም ዘመድ የሌለው ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው አገኘ። ሺን ዶን ይባላል። ቡድሂስት መነኩሴ ነው፣ እናቱ የገዳም ባሪያ ነበረች። በ1365 ሥልጣኑን ጠቅልሎ ሰጠው። በመካከላቸውም አንዱ ሌላውን ሊያድን፣ የሰው ወሬ ላይሰማ በጽሑፍ ተማማሉ።

በ1366 የተነጠቀ መሬትና ያለ አግባብ ባሪያ የተደረገ ሰው ጉዳይ የሚታይበት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አዋጁ አጭር ነው። በከተማ ያለ በ15 ቀን፣ በክፍለ አገር ያለ በ40 ቀን ውስጥ የነጠቀውን ይመልስ፣ የመለሰ አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ የተገኘበት ይቀጣል። ብዙዎች ፈርተው መለሱ። ነጻ የወጡት ባሮች ቅዱስ ሰው መጣልን ይሉ ነበር። በ1367 ደግሞ በጦርነቱ የፈረሰው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሶንግዩንግዋን ታደሰ። ዪ ሴክ የሚባለው ሊቅ ተሾመበት፣ ጆንግ ሞንግጁና ጆንግ ዶጆን አስተማሩበት።

ሺን ዶን ግን ዘመድ የሌለው መሆኑ ጥንካሬውም ድክመቱም ነበር። ንጉሡ እጁን ካነሣበት ማንም የለውም። ሀብትና ሴት ወደደ፣ ተመካ ይላል መዝገቡ። በ1371 በንጉሡ ላይ አሢረሃል ተብሎ ሱዎን ውስጥ ተገደለ። መሐላው የት ገባ አትበሉኝ። ኢን ዳንግ፣ ሺን ዶን፤ ጎንግሚን ዕዳው ሲከብድ በአንድ ሰው አንገት መክፈል ልማዱ ነው።

በውጭ ጉዳይ አሁንም ቀልጣፋ ነበር። በ1368 ሚንግ የተባለው አዲስ የቻይና መንግሥት ዩዋንን ከዳይዱ ሲያስወጣ ጎንግሚን ጊዜ ሳያጠፋ ከአዲሱ መንግሥት ጋር ተወዳጀ። በ1370 ጦሩ እነ ዪ ሶንግጌን አስቀድሞ ከያሉ ወንዝ ማዶ እስካለችው ሊያዎዶንግ ድረስ ዘለቀ። በ1374 ሚንግ ከጄጁ ደሴት 2,000 ፈረስ ሲጠይቅ እዚያ የቀሩት የሞንጎል ፈረስ አርቢዎች አንሰጥም አሉ። ቼ ዮንግ ትልቅ ጦር ይዞ ወደ ደሴቱ ዘመተ። ማለትም ያን ሌሊት እሱ ከተማ ውስጥ አልነበረም።

ያ ሌሊት

በ1372 ጎንግሚን ከትልልቅ ቤተሰቦች የተመረጡ መልከ መልካም ወጣቶችን ሰብስቦ ጃጄዊ የሚባል የእልፍኝ አጃቢ አቋቁሞ ነበር። መዝገቡ እንደሚለው አንደኛው፣ ሆንግ ዩን፣ ከንጉሡ ሚስቶች አንዷን አስረገዘ። ቼ ማንሴንግ የሚባለው ጃንደረባ ይህን ለንጉሡ ሹክ አለው። ንጉሡ ወራሽ አገኘሁ ብሎ ተደሰተ፣ ምሥጢሩን የሚያውቁትን ወጣቶች እገድላለሁ አለ። ቀጥሎም አንተም ታውቃለህና አትቀርም አለው። ጃንደረባው ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ወጣቶቹ ሄደ። በዚያው ሌሊት ሰክሮ በተኛበት ገደሉት። 44 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ዪ ኢኒም የተባለው ሹም የቼ ማንሴንግን ልብስ ሲያይ ደም ነክቶታል። ሁሉም ተያዙ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን የሚነግረን በ1451 የተጠናቀቀው የጎርዮ ታሪክ ነው። ያስጻፈው ጎርዮን የጣለው ሥርወ መንግሥት፣ የዪ ሶንግጌ ዘሮች መንግሥት ነው። ዪ ሶንግጌ ከጎንግሚን ቀጥሎ የነገሡትን ኡንና ቻንግን ያስወገዳቸው፣ የጎንግሚን ዘር ሳይሆኑ የሺን ዶን ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው በሚል ነው። መጽሐፉም ሁለቱን ከነገሥታቱ ክፍል አውጥቶ ከአማፂዎች ተርታ ጽፏቸዋል። ለዚህ ክስ ደግሞ የመጨረሻ ዘመኑን በጓዳ ቅሌት ያሳለፈ፣ ልጅ መውለድ የማይችል ንጉሥ በጣም ይመቻል። ግድያው እውነት ነው። የእልፍኙ ሐሜት ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ግን የታሪክ ሰዎች በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ይኸው ሥርወ መንግሥት ሴኡል ውስጥ ባለው የነገሥታቱ መቅደስ ግቢ ለጎንግሚንና ለኖጉክ ትንሽ ቤት ሠርቶላቸዋል። የሰደበውን ሰው ማክበሩ እስካሁን ሲያነጋግር ይኖራል።

የመሬቱ ጉዳይ እሱ ሲሞት አልሞተም። በ1388 ዪ ሶንግጌ ሚንግን ውጋ ተብሎ የተላከውን ጦር ከያሉ ወንዝ ላይ መልሶ ሥልጣን ያዘ። ቼ ዮንግን አስወገደ። በ1390 የድሮዎቹ የመሬት መዝገቦች ጌግዮንግ ጎዳና ላይ ተከምረው ተቃጠሉ፣ እሳቱ ለቀናት አልጠፋም። በ1391 አዲሱ የመሬት ሕግ ወጣ። ከደጋፊዎቹ ዋነኛው ሶንግዩንግዋን ያስተማረው ጆንግ ዶጆን ነበር። ጎንግሚን በአንድ መነኩሴ ሊሠራው የሞከረውን እነዚህ በቡድን፣ በጦር ተደግፈው ሠሩት። በ1392 ዪ ሶንግጌ ራሱ ነገሠ።